ከሦስት ኪሎ በታች

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ደረጃው መግቢያ ላይ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ በላይ፣ አራቱም ማዕዘኑ በፕላስተር ተይዞ። እንዲህ ይላል፦

«ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ግራም በታች የሆነ ውሻ ለአሞራ የተጋለጠና አሞራ ወደ ግቢው የሚስብ ሆኖ ስለተገኘ፣ እስከ መጪው እሑድ ከሕንጻው እንዲወጣ ተወስኗል። የነዋሪዎች ኮሚቴ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ደሜ ፈላና መነጽሬን አወለቅኩ። አሞራ አይደለም፣ ጭላት ነው፤ ያንን እንኳ ለይተው አልጻፉም። ይህን ልለፈው ብል እንኳ፣ ከሁሉ ያንገበገበኝ ሦስት ኪሎ የምትለዋ ቁጥር ናት። እሷ ከእኔ አፍ ነው የወጣችው።

ጡረታ እስክወጣ ሃያ ስድስት ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የናስ ክብደቶቼን በእንጨት ሣጥን ይዤ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የነጋዴውን ሚዛን አመሳክር ነበር። ትክክል የሆነው ላይ ማኅተም አደርጋለሁ፤ ያልሆነውን አሽጌ እሄዳለሁ። የሕንጻው ሰው «ጋሽ ግራም» ይለኛል። ቅር አይለኝም፤ ከዚህ የባሰ ሊያወጡልኝም ይችሉ ነበር።

የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ባለፈው ዓመት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ብረት ገባላት። ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ ካልተራመድሽ እግርሽ እንደ ደረቀ ይቀራል አላት። ለሐኪሙ አልተራመደችም። እኔ ብለምን፣ ብቆጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንዲት ደንበኛዋ አገር ለቅቃ ስትሄድ ጥላላት የሄደችው ውሻ በር ላይ ቆማ ስታለቅስባት ግን፣ እየተሳደበች ዱላዋን ይዛ ተነሳች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጠዋት፣ አንድም ከሰዓት አልቀረችም። ውሻዋ ነጭ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ቡናማ ነው። ቁንጣሪ እንላታለን። ክብደቷ ያን ሰኞ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ሃያ ግራም ነበር። ቁንጣሪ ከሄደች እህቴ ተመልሳ ወንበሯ ላይ እንደምትቀመጥና እንደማትነሳ ለማወቅ ሚዛን አያስፈልገኝም።

ነገሩ የተጀመረው ምድር ቤት ካለው ሥጋ ቤት ነው። የኋላ በሩ የሚከፈተው ወደ ጋራ ግቢያችን ነው። ከአራት ወር በፊት ሥጋ ሻጩ አንድ ቀን ከሰዓት ጅማትና ሳንባ ቆራርጦ ወደ ሰማይ ወረወረ፤ ሁለት ጭላቶች መጥተው አየር ላይ ቀለቡት። አጠገቡ ካለው ሻይ ቤት የተቀመጡት አጨበጨቡ። በማግስቱም ወረወረ። ሰው በስልኩ ይቀርጸው ጀመር፤ ለትርኢቱ ተብሎ ከሌላ ሰፈር የሚመጣም ነበር። እኔ ከወጥ ቤቴ መስኮት ሆኜ ቆጠርኩ። ባልዲው የሚወጣው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ነው። ጭላቶቹ ዐሥር ከሃያ አምስት ላይ የሻይ ቤቱ ጣሪያ ላይ ናቸው። ሁለት የነበሩት በሁለተኛው ወር ስድስት፣ በአራተኛው ዐሥራ አንድ ሆኑ።

አንድ ሐሙስ ሥጋ ሻጩ የወረወረው ቁራጭ ሳይቀለብ መሬት ወደቀ። የሁለተኛ ፎቋ ፀጉር ሠሪ ውሻ ሮጣ አፏን ስታሳርፍበት ጭላቱ ለዚያው ቁራጭ መጣ። ውሻዋን አላነሳትም። ሊያነሳትም አልሞከረም። ቁራጩን መንጭቆ ሲሄድ አንድ ጥፍሩ የግራ ዓይኗን ይዞ ሄደ። ጩኸቷን አራተኛ ፎቅ ሆኜ ሰማሁት። ያቺ ውሻ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ትመዝናለች።

ቅዳሜ ዕለት ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ዛሬም ሲናገር ሰልፍ ላይ ያቆመን ይመስለዋል። ወደ እኔ ዞሮ፣

«እርስዎ የሚዛን ሰው ነዎት። ጭላት ውሻ አንሥቶ ይሄዳል? አዎ ወይም አይደለም፤ በአጭሩ» አለኝ።

«ሦስት ኪሎ የሚያነሳ ጭላት የለም» አልኩ።

እውነት ነው። ጭላት ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ግማሽ ኪሎ ቢሰጡትም አያነሳም። የተጎዳችው ከሦስት ኪሎ በላይ ስለሆነች፣ ማንም የማይከራከርበት ልክ ልስጥ ብዬ ነው ሦስት ያልኩት። ስለ ባልዲው ልቀጥል ስል «ይበቃል፣ እናመሰግናለን» አለኝ፤ ተቀመጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት የተጠየቅኩትን ብቻ ስመልስ ኖሬ፣ ያን ቀንም የተጠየቅኩትን ብቻ መልሼ ተቀመጥኩ። ጥፋቴ እሱ ነው። እነሱ ደግሞ ሦስት ኪሎ አይነሳም ማለትን፣ ከሦስት ኪሎ በታች ይነሳል ብለው ገለበጡት፤ ባልዲውን ትተው ውሻውን ከሰሱ።

ማስታወቂያውን ለእህቴ ስነግራት የልብስ ስፌት መኪናዋን ፔዳል አልለቀቀችም።

«ማነው ሦስት ኪሎ ያለው?»

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።

ፔዳሉን ለቀቀች። «አንተ ነህ።»

«እትዬ፣ እኔ ያልኩት—»

«አንተ ነህ! ዕድሜህን ሙሉ ግራም ስትቆጥር ኖረህ ኖረህ የኔን ውሻ ቆጠርክ! በል አሁን ሂድና ያልከውን መልሰህ ዋጠው።»

ሄድኩ። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እየሳለ ነበር፤ ሰፊ ሰው ነው፣ ሳቁ ከጠረጴዛው ማዶ ይደርሳል።

«ጋሽ ግራም! ምን ልቁረጥልዎ?»

«መወርወሩን ቁረጥልኝ።»

«ውይ ጋሼ! ወፍ መመገብ እኮ ጽድቅ ነው።»

«አንዲት ውሻ ዓይኗ ጠፍቷል።»

«ታዲያ አሞራውን እኔ ነኝ የወለድኩት?» ቢላዋውን አስቀመጠ። «እኔ ሥጋ እወረውራለሁ፤ ውሻ አልወረውርም። ውሻ ያለው ውሻውን ይያዝ።»

ዓይን ያወጣ መልስ ሲሰጡኝ ድምፄ ዝቅ ይላል፤ ልማዴ ነው። «ባልዲው ባይኖር እነሱም አይኖሩም። ቆጥሬያለሁ» አልኩት።

«ይቁጠሩ፣ ይቁጠሩ። ጡረታ ደግ ነው።»

ሰብሳቢው ዘንድ ወጣሁ። በሩን ግማሽ ብቻ ከፍቶ አነጋገረኝ። ውሳኔ ውሳኔ ነው አለ። ማን ከሦስት ኪሎ በታች እንደሆነ እሑድ በዐሥር ሰዓት ግቢ ውስጥ በይፋ ይመዘናል።

«ጥሩ። ሚዛኔን አወርዳለሁ» አልኩት።

«አይ፣ የእርስዎ አይሆንም። የእህትዎ ውሻ አለችበት። ገለልተኛ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የሥጋ ቤቱን እንጠቀማለን።»

ገለልተኛ! አሳንሰሩ ውስጥ ቃሉን ብቻዬን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የባልዲው ባለቤት ሚዛን ገለልተኛ ነው፤ የከተማውን ሚዛን ሁሉ ሳመሳክር የኖርኩት እኔ ወገንተኛ ነኝ።

ሳምንቱን እህቴ በሁለት ነገር አሳለፈችው። አንደኛው ቁንጣሪን ማብላት ነው። ጠዋት ጠዋት ሚዛኔ ላይ አስቀምጣት ነበር፤ ማክሰኞ አሥር ግራም ጨመረች፣ ረቡዕ ሃያ፣ ሐሙስ ምንም፣ ዓርብ ሠላሳ። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ሰማንያ ላይ ቆመች። ከዚያ በኋላ ሳህኑን እያየች ፊቷን አዞረች።

ሁለተኛው ልብስ ነው። ከድሮ ዝናብ ልብስ ሁለት ድርብ አድርጋ ለቁንጣሪ ሰደርያ ሰፋችላት፤ ጀርባው ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲኮችን እንደ ጃርት እሾህ ወደ ላይ አቆመችበት፣ ማንም ጥፍር እንዳይዘው። የወገቧን ቀበቶ ደግሞ ቀለበት ሰፋችበትና የውሻዋን ማሰሪያ እዚያ አጠለቀችው፤ ምክንያቱም በአንድ እጇ ዱላ ከያዘች በሌላው ጃንጥላ መያዝ አለባት፣ ሦስተኛ እጅ የላትም። ያን ሳምንት ፀሐይ እያለ በተዘረጋ ጃንጥላ ግቢውን ሲዞሩ ያያቸው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የሚቻለው መከላከያ ያ ብቻ ነበር፣ እሷም በደንብ ሠርታዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሰደርያውን ሳነሳው እጄ ላይ ከበደኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ጫፉ ላይ ምንድን ነው?»

«ጠርዝ ነው።»

«ጠርዙ ውስጥ።»

«መጋረጃ ነፋስ እንዳያነሳው ታች ጠርዙ ውስጥ የሚገባው የእርሳስ ፍሬ አለ አይደል? ከሱ ትንሽ…»

«ስንት ትንሽ?»

«ሦስት መቶ ሠላሳ ግራም» አለች፤ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ። «ምነው? አንተ ብቻ ነህ እንዴ መመዘን የምትችለው?»

ልብስ ሲመዘን እንደሚወልቅ ነገርኳት። «እንዲወልቅ የምታደርገው አንተ ነሃ!» አለችና መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። እርሳሱን ግን ማታውን ፈታ አወጣችው፤ እያንዳንዱን ፍሬ ሳህን ላይ ስትጥለው እንድሰማው አድርጋ።

እሑድ በዐሥር ሰዓት ግቢው ሞላ። ሚዛኑ የሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚነበብ ዲጂታል ነው። ሥጋ ሻጩ ንጹሕ ሽርጥ ለብሷል። ባልዲው ደግሞ እንደ ዘወትሩ፣ ክዳን ሳይኖረው፣ ከሰብሳቢው ወንበር አጠገብ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ውሻዋን ታቅፋ ከፊት ቆማለች፤ የውሻዋ ግራ ዓይን በክር ተሰፍቷል። እኔ ኪሴ ውስጥ የናስ አንድ ኪሎዬን ይዤያለሁ። ማንንም ላሳፍር ብዬ አይደለም። ከመመዘን በፊት ሚዛኑ ይመሳከራል፤ ሌላ አሠራር አላውቅም።

«መጀመሪያ ሚዛኑ ይታይ» አልኩ።

ሰብሳቢው እጁን አነሳ። «ለባለቤቱ ስድብ ይሆናል። ጊዜ የለንም። ቀጥታ ወደ ሥራ።»

እህቴ የቁንጣሪን ሰደርያ አውልቃ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻት። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ቆመ፦ 3.08።

ግቢው አጉረመረመ። ሥጋ ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየው። ሰብሳቢው ከወረቀቱ ቀና አለ። የእህቴ ጣቶች ክንዴን እንደ መቆንጠጫ ያዙት።

«ዝም በል» አለችኝ በከንፈሯ። «ትሰማለህ? በእናታችን ዝም በል።»

በዚያች ቅጽበት ማወቅ ያለብኝን ሁሉ አውቄ ነበር። ጠዋት ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ሰማንያ የሆነች ውሻ ከሰዓት በኋላ አራት መቶ ግራም አትጨምርም። ይህ ሚዛን በኪሎ መቶ ሃምሳ ግራም ገደማ ይዋሻል። ዝም ካልኩ ቁንጣሪ አትወጣም፤ የእህቴም እግር ተረፈ። ፀጉር ሠሪዋ የታቀፈቻትን ውሻ የተሰፋ ዓይን አየሁ። እሷም ከሦስት ኪሎ በላይ ነበረች። ቁንጣሪ በሐሰት ቁጥር ብታልፍ፣ ማስታወቂያው እንደ ተለጠፈ፣ ባልዲው እንደ ቆመ፣ ዐሥራ አንዱ ጭላት ጣሪያው ላይ እንዳለ ነው የምታልፈው።

ክንዴን አስለቀቅኩ። ቁንጣሪን አንሥቼ ለእህቴ ሰጠሁና የናሱን ኪሎ አስቀመጥኩ።

1.15።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሰብሳቢው።

«አንድ ኪሎ ነው።»

«ድንጋዩ ነው የተበላሸው!» አለ ሥጋ ሻጩ። «ያረጀ ድንጋይ! እንደ ባለቤቱ!»

«ናስ ሲያረጅ አይከብድም» አልኩ።

ፀጉር ሠሪዋ ውሻዋን አጠገቧ ላለው ሰው አስታቅፋ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ሄደች። ስትመለስ ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ስኳር ይዛለች። አስቀመጠችው። 1.15። ቀጥላ ያልተከፈተ የአንድ ሊትር ውሃ። እሱም ከጠርሙሱ ጋር ያንኑ ያህል አለ።

«ስኳሩም አርጅቶ ነው?» አለችው።

ከኋላ አንድ ድምፅ «ሰባት ዓመት ሙሉ ከሱ ነው የምገዛው!» አለ። ሌላው «እኔማ ሥጋው እሳት ሲነካው ያልቃል እያልኩ ድስቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ» አለ። ሥጋ ሻጩ ላብ በላብ ሆኖ ስለ መብራት መቆራረጥ ያስረዳ ጀመር። ሰብሳቢው ወንበሩን በእስክሪብቶው ደበደበ።

«ሥርዓት! የሚዛኑ ነገር ሌላ አጀንዳ ነው፤ በሌላ ቀን ይታያል። ለዛሬው አጀንዳ…» ወረቀቱ ላይ አሰላ። «ሦስት ነጥብ ዜሮ ስምንት ለአንድ ነጥብ አንድ አምስት ሲካፈል… ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ምናምን። እንግዲህ ውሻዋ ከሦስት በታች ናት። ትወጣለች።»

እህቴ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሰው ልጅ አካፍሎ ትክክለኛ መልስ ማግኘት የሚችል አእምሮ ይዞ እንዴት እዚህ ይደርሳል? የዋሸው ሚዛን ይቆይ፤ ያልዋሸችው ውሻ ትውጣ!

በዚህ ሁሉ ስኳርና ውሃ መሀል ሰዓቱን ያየ ሰው አልነበረም። ዐሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጭላቶቹ ግን አላለፋቸውም። ሥጋ ሻጩ እንዲወረውር ሦስት ዙር ጠበቁት፤ አልወረወረም። በአራተኛው አንዱ ራሱ ሊወስድ ወደ ባልዲው ወረደ፣ ከኋላው ሁለተኛው። ሰዉ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እህቴ ጃንጥላዋን ዘርግታ ቁንጣሪን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። የመጀመሪያው ጭላት ሲነሳ ክንፉ የሰብሳቢውን ፊት እንደ ጥፊ መታው፤ መነጽሩ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ድረስ በረረ፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ጭረት ቀረ።

ሲረጋጋ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ፀጉር ሠሪዋ ነበረች።

«ይቅርታ፣ ሰብሳቢያችን ከሦስት ኪሎ በታች ናቸው እንዴ?»

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። «ይመዘኑ!» አለ አንዱ። «በዚህ ሚዛን እንዳይሆን፤ መቶ ሊሞሉ ነው!» አለ ሌላው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቆምኩ፤ ድምፄ ዝቅ ብሎ ሳይሆን ከፍ ብሎ ወጣ።

«ሳልጠየቅ የምናገረው አለ። ጭላት ውሻ አያነሳም፤ ሦስት ኪሎውንም፣ ሁለቱንም፣ አንዱንም። ዓይን ለማጥፋት ማንሣት አያስፈልገውም። ለውሻ ብሎ አልመጣም፤ ለሰውም አልመጣም። ለባልዲው ነው የመጣው። አራት ወር ሙሉ በሰዓቱ ጠራነው፣ አጨበጨብንለት፣ ቀረጽነው፤ ሲመጣ ደግሞ አራስ ልጅ የሚያህል ውሻ ተጠያቂ አደረግን። እኔም ቁጥር ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን መልሱልኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ደረጃው መግቢያ ሄዳ ማስታወቂያውን ገነጠለችው፤ አራቱ ፕላስተሮች ግድግዳው ላይ ቀሩ። ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ፤ እስክሪብቶውን ከሰብሳቢው እጅ ወሰደች፤ አልከለከላትም፣ ያለ መነጽሩ ማን እንደወሰደበትም ያየ አይመስለኝም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይጻፉት።»

ጻፍኩ። «ከዜሮ ግራም በላይ የሚመዝን ሥጋ በግቢው ውስጥ ወደ ላይ መወርወር ክልክል ነው። ባልዲ ይከደናል።» እጅ ይውጣ ሳይባል እጅ ወጣ። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ነበር።

ማሸግ ከእንግዲህ ሥልጣኔ አይደለም፤ ለድሮ መሥሪያ ቤቴ ደወልኩ። ማክሰኞ አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ መጥታ ሚዛኑን አሸገችው። ሥጋ ሻጩ ሌላ ሚዛን ገዛ፤ ሲያየኝ ወደ ሌላ ያያል። ባልዲው ላይ ክዳን አለ። ሰብሳቢው እስካሁን ሰብሳቢ ነው፤ ይህም ያናድደኛል።

ጭላቶቹ ሰኞ ዕለት ዐሥራ አንዱም መጡ፤ ሃያ ደቂቃ ዞረው ሄዱ። ሐሙስ ዘጠኝ። በሁለተኛው ሳምንት አራት፣ ከዚያ ሁለት። እህቴ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ቁንጣሪ ያንን የጃርት ሰደርያ ለብሳ፣ ሆን ብላ ትወርዳለች። እኔም አብሬያት እወርዳለሁ። ይቅር አላለችኝም።

«ሦስት ነጥብ ዜሮ ስምንት ሲል ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ሐሰት ነበር።»

«ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ሁን ቢሉህ፣ ስንት ግራም ነው የምትል ነህ።»

ትናንት ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጣሪያውን አየሁ፤ ባዶ ነበር። ሰማዩንም አየሁ። እህቴ ፊቴን አየችና ቆመች፤ ራሷም ወደ ላይ አየች፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ዱላዋን አስያዘችኝ፣ ጃንጥላዋን ዘጋችና ተመረኮዘችው።

«ስንት ናቸው?»

«ምንም።»

«ደግመህ ቁጠር» አለችና መንገዷን ቀጠለች፤ ቁንጣሪ ከፊቷ።

ደግሜ ቆጠርኩ።